ዴልሂ ላይ ሲስማሙ፣ ሰበታ ላይ

የህንድ ምርጫ ውጤት በተሰማ ሰሞን ሰበታ ላይ ክረምቱ ገና መግባቱ ነበር። እኔ የምሠራው ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ የክር ፋብሪካ ነው። ባለቤቶቹ ህንዶች ናቸው። ሥራዬ ማስተርጎም ነው፤ አለቆቹ በእንግሊዝኛ የሚሉትን ለሠራተኛው በአማርኛ እናገራለሁ፣ ሠራተኛው የሚለውን ደግሞ ለእነሱ እመልሳለሁ። ኦሮምኛዬ ለሰላምታና ለገበያ የሚበቃ ነው። ከዚያ ካለፈ የበሩ ጥበቃ ያግዙኛል።

እኚህ ጥበቃ በዕድሜ የገፉ የዚያው አካባቢ ገበሬ ናቸው። ሁላችንም «ኦቦ» ነው የምንላቸው፤ በኦሮምኛ አቶ እንደ ማለት ነው። ፋብሪካው የቆመበት ቦታ ድሮ የሳቸው የጤፍ ማሳ ነበር። መሬቱ ለኢንቨስተር ሲሰጥ ካሳ ተቀበሉ፣ የጥበቃነቱም ሥራ አብሮ መጣ። ጠዋት ጠዋት በገዛ ማሳቸው በር ላይ ቆመው «አካም ቡልቴ፣ ኢንተላ ኮ?»፣ እንዴት አደርሽ ልጄ፣ እያሉ ያስገቡኛል።

ውስጥ ደግሞ ማስተር አሉ። የፈትል ክፍሉ ኃላፊ ናቸው፤ ፀጉራቸው የነጣ፣ ዝግ ብለው የሚራመዱ ህንዳዊ። ብዙ ዓመት ሰበታ ስለኖሩ አማርኛ ይሰባብራሉ። ማሽን ሲቆምም ማሽን ሲሠራም «ችግር የለም» ነው የሚሉት። ያደጉት ህንድ ውስጥ ጥጥ በሚያመርት መንደር ነው። ታናሽ ወንድማቸው እስከ ዛሬ እዚያው ያርሳል።

በዚያ ሰሞን ማስተር በሻይ ሰዓት ከስልካቸው ላይ ቀና አይሉም ነበር። ምን ተገኘ ብዬ ጠየቅኳቸው። አንድም ፓርቲ ለብቻው መንግሥት ለመመሥረት የሚበቃ ወንበር አላገኘም አሉኝ። ስለዚህ ትልቁ ፓርቲ ትንንሾቹን ማባበል አለበት። ትንንሾቹ ደግሞ እያንዳንዳቸው ለየክልላቸው የሚፈልጉትን ይጠይቃሉ፤ አንዱ መንገድ፣ አንዱ መስኖ፣ አንዱ ፋብሪካ። ሁሉም ከተስማሙ ያ የልማት ፕሮግራም ተብሎ ይታወጃል።

«የእርስዎ ክልል ምን ጠየቀ?» አልኳቸው።

ፈገግ አሉ። «ጥጥ» አሉ በአማርኛ። «ጥጥ እዚያ ይለቀማል፣ እዚያ ይፈተላል።»

እኔም አብሬ ፈገግ አልኩ። ወንድማቸው ምርቱን በቅርብ የሚቀበለው ፋብሪካ አጥቶ በየዓመቱ በደላላ እጅ እንደሚወድቅ ከዚያ በፊት አጫውተውኝ ስለነበር፣ ደስ ያላቸው ገብቶኛል። ሻዬን ጨርሼ ወደ ቢሮ ስመለስ ግን መንገድ ላይ ቆም አልኩ። የሚፈትለው ማሽን ከየት ነው የሚመጣው?

ማታ በሰርቪስ ስንመለስ ወሬው አውቶቡስ ውስጥ ገብቶ ነበር። «ህንድ ጥምር መንግሥት መሠረተች» አለ አንዱ ከኋላ።

«እና እኔን ምን አገባኝ? እኔ አልመረጥኩ» አለው ሌላው፤ ሰው ሁሉ ሳቀ።

አጠገቤ የተቀመጠችው ጎረቤቴ አልሳቀችም። አንድ ግቢ ውስጥ ነው የተከራየነው፤ እሷ ሼድ ሁለት ውስጥ የፈትል ማሽን ላይ ትሠራለች። ፀጉሯ በጥጥ ብናኝ ነጥቶ፣ ሻሿን ፈትታ እያራገፈች «አንቺ ነሽ ስብሰባ የምትገቢው» አለችኝ። «የሆነ ነገር አለ እንዴ?»

«እስካሁን የሰማሁት የለም።»

«ብትሰሚ ትነግሪኛለሽ?»

«እነግርሻለሁ።»

እናቷን ከወሎ ልታመጣ ነበር ያሰበችው። ሴት ልጇ መዋዕለ ሕፃናት የምትውልበት ጊዜ አጭር ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚይዛት ሰው የለም፤ እናትየው ከመጡ ግን ሁሉ ነገር መስመር ይይዛል። ክፍሏ ውስጥ መጋረጃ ከፍላ ለእናቷ አልጋ የሚሆን ቦታ እንኳ አዘጋጅታለች።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ሳምንታት እንደ ሰው አልኖርኩም። ሁሉም ነገር ምልክት መሰለኝ። የጥጥ መኪና ሲዘገይ በሩ ድረስ ወጥቼ አያለሁ። ከአዲስ አበባ የመጡ ሁለት ሰዎች በሼድ ሁለት ማሽኖች ዙሪያ ሜትር ዘርግተው ሲለኩ አየሁ። ለምን እንደሚለኩ ብጠይቃቸው «ለኢንሹራንስ» አሉኝ። የተበላሸ ዕቃ እንዲታዘዝ የጻፍኩት ደብዳቤ መልስ አልመጣለትም። ሥራ አስኪያጁ በስልክ ሲያወሩ በፊት በሩን ክፍት ይተዉት ነበር፤ አሁን ይዘጉታል። ቤት ስገባ ጎረቤቴ በሩ ላይ ሆና ፊቴን ታነባለች። የምነግራት የለኝም፤ ግን ምንም የለም ማለትም ከበደኝ።

አንድ ዓርብ ምሳ ሰዓት ማስተር ወደ ጓሮው የዛፍ ጥላ ጠሩኝ። ወንድማቸው ደውሎ እንደነበር በእንግሊዝኛ ነገሩኝ። ፕሮግራሙ ወጥቷል፤ ጥምሩ ውስጥ የገቡት ፓርቲዎች ሁሉ ፈርመውበታል። ለገበሬ ብድር አለበት፣ ለገጠር መንገድ አለበት፣ ለጨርቃ ጨርቅ ደግሞ በየክልሉ መንደር የሚያህል የፋብሪካ ሰፈር ይሠራል፤ እዚያ ለሚገቡ ባለሀብቶች መንግሥት ትልቅ ድጋፍ ያደርጋል። አንዱ ሰፈር የሚሠራው ከእሳቸው መንደር ብዙም በማይርቅ ቦታ ነው።

«ወንድሜ ስልኩ ላይ አለቀሰ» አሉ። «አባታችን ዕድሜ ልኩን የሚጠብቀው ነገር ነበር።»

«እንኳን ደስ አለዎት» አልኩ። «ድርጅታችንም ይገባል?»

ዓይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ። «ሼድ ሁለት» አሉ። «ማሽኖቹ ተነቅለው ይሄዳሉ። እኔም አብሬ እሄዳለሁ። ሰኞ ስብሰባ አለ። እስከዚያ ለማንም አትንገሩ ተብለናል።» ከዚያ ደግሞ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ «ደስ ብሎኛል። ደስ ስላለኝ ደግሞ አፈርኩ» አሉኝ።

እኚህን ሰው ልቆጣቸው ፈለግሁ፣ አልሆነልኝም። የእሳቸው መንደር ሰው ያገኘው የእኛን ነበር፤ ግን ወንድማቸው እኛን መቼ አወቀን።

ያን ዕለት ቤት እንደገባሁ የጎረቤቴን በር አንኳኳሁ። ልጇን እያጠበች ነበር። «እናትሽን ቆዪ በያት» አልኳት። ሌላ ቃል አልጨመርኩም። እጇ ሳሙናው ውስጥ እንዳለ ቀረ። ልጅቱ በርዷት መሰለኝ ማልቀስ ጀመረች፤ እኔ ፎጣውን አንሥቼ ጠቀለልኳት። ጎረቤቴ «ሁሉንም ነው የሚዘጉት ወይስ ሼድ ሁለትን?» አለች።

«ሼድ ሁለትን።»

«ታውቂያለሽ፣ መቼም ባትነግሪኝ ይሻል ነበር እንዳልል፣ ሌሊት ሌሊት ሳስበው የነበረው ከዚህ የባሰ ነው» አለች። ከዚያ ተቀመጠች፤ እንባዋ ያኔ መጣ።

ሰኞ ጠዋት ሠራተኛው በሙሉ ግቢው ውስጥ ቆመ። ጭቃ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ወረቀታቸውን አውጥተው በእንግሊዝኛ አነበቡ፤ ማሽኖቹን ለማደስ ሲባል ሼድ ሁለት ላልተወሰነ ጊዜ ሥራ ያቆማል የሚል ነበር። ጠጋ ብዬ በዝቅተኛ ድምፅ «ማሽኖቹ እኮ ሊሄዱ ነው። ይህንን ነው የምነግራቸው?» አልኳቸው።

«ያልኩሽን ተርጉሚ» አሉ።

ለሕዝቡ «ሥራ አስኪያጁ ያሉት እንዲህ ነው» ብዬ የተነበበውን እንዳለ ተረጎምኩ። ጎረቤቴ ከፊት ቆማ ታየኛለች። እጇን አነሣች።

«መቼ ነው ታድሶ የሚያልቀው? መቼ እንመለስ?»

ጥያቄውን በእንግሊዝኛ አስተላለፍኩ። ሥራ አስኪያጁ «እናሳውቃለን» አሉ። ያንንም ተረጎምኩ። ማጉረምረም ተነሣ።

ያኔ ጥበቃው ኦቦ በሩን ትተው መጡ። ዱላቸውን ተደግፈው በኦሮምኛ ጀመሩ፤ ከዚያ እኔን አይተው ወደ አማርኛ አዞሩት። «አንድ ነገር ጠይቂልኝ፣ ልጄ። ማሽኑን የለኩትን ሰዎች በበሩ ያስገባኋቸው እኔ ነኝ። ማሽኑ ከሄደ መሬቱስ? እኔ መሬቴን የሰጠሁት ለፋብሪካ ነው። ልጆቻችሁ ይሠሩበታል ተብዬ ነው። ፋብሪካው ከሄደ መሬቱ ለማን ነው?»

ተረጎምኩ። ሥራ አስኪያጁ ወረቀታቸውን ገለበጡ፤ በጀርባው ምንም አልተጻፈም። ወደ ማስተር ዞሩ። ማስተር አንድ እርምጃ ወደ ፊት መጡና ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ማሽን ህንድ ይሄዳል» አሉ በራሳቸው አማርኛ። «አይመለስም። እኔ ይቅርታ። መሬት… እኔ አላውቅም።»

ማንም አልጮኸም። አንዲት ሴት ብቻ «እውነቱን ስለነገሩን እግዜር ይስጥልን» አለች። እሷም የሼድ ሁለት ሠራተኛ ነበረች። ሥራ አስኪያጁ ፊታቸው እንደ በርበሬ ቀልቶ ወደ ቢሮ ገቡ። እኔን የሚያባርሩኝ መስሎኝ ቀኑን ሙሉ ወንበሬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ዋልኩ። አልጠሩኝም።

ኮንቴይነሮቹ የመጡት ዝናቡ እያባራ ሲሄድ ነው። ማሽኖቹ ሲነቀሉ የሼድ ሁለት ሠራተኛ ካሳውን ተቀብሎ ተበትኖ ነበር። ማስተር በመጨረሻው ቀን የቀረነውን ሁሉ እጅ ጨበጡ። ኦቦ ጋ ሲደርሱ «ችግር የለም» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱና ተዉት። ኦቦ «ነገያን ገሊ» አሏቸው። በሰላም ግባ ማለት ነው ብዬ ለማስተር ነገርኳቸው።

ኦቦ ከዚያ በኋላ የመሬቱን ነገር ለመጠየቅ ማዘጋጃ ቤት ሄዱ፤ እኔም አብሬአቸው ሄድኩ። የሊዙ ዘመን እስኪያልቅ መሬቱ የባለሀብቱ ነው ተባሉ። አመስግነው ወጡ። ባጃጅ ውስጥ ስንገባ «እኔ እንግዲህ ባዶ ቤት ጠባቂ ሆንኩ» አሉ።

ማስተር ወራት ቆይተው ደወሉልኝ። ደስ ያለው ድምፅ ጠብቄ ነበር። የጥምሩ ፓርቲዎች የፋብሪካው ሰፈር የት ይሁን በሚለው ተጣልተዋል አሉኝ። አንዱ አጋር ለእኛ ካልሆነ ከመንግሥቱ እወጣለሁ እያለ ነው። ፕሮግራሙ አለ፤ ግን መሬቱ ገና አልተቆፈረም። የእኛ ማሽኖች ላስቲክ ለብሰው አንድ የቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ናቸው። ወንድማቸው ዘንድሮም ጥጡን ለደላላ ነው የሸጠው።

«ታዲያ የወሰዱት ለማን ነው?» አልኳቸው።

«ወንድሜ እየጠራኝ ነው» ብለው ተሰናበቱኝ።

ጎረቤቴ ሱሉልታ አንድ የታሸገ ውኃ ፋብሪካ ውስጥ ሥራ አገኘችና ግቢያችንን ለቀቀች። ባለፈው እሑድ ልጠይቃት ሄድኩ። እናቷን አምጥታለች። እናትየው ብርዱን እየረገሙ ከቤቱ ጀርባ ጎመን ተክለዋል፤ ልጅቱ ደግሞ ከሠፈር ልጆች የለመደችውን ኦሮምኛ ለአያቷ ታስተምራለች። ሥራው ከክሩ ይሻላል ወይ አልኳት። «ብናኝ የለውም» አለችኝ። ከዚያ ድምፅዋን ቀንሳ፣ ከውጭ አገር የመጡ ሰዎች በዚህ ሳምንት ግቢውን ሲዞሩ እንደዋሉ ነገረችኝ። ምን ፈልገው እንደሆነ አልጠየቅኳትም፤ እሷም አታውቅም።

ወደ አዲስ አበባ በሚወርደው ታክሲ ውስጥ ሳለሁ ስልኬ ጠራ። ሥራ አስኪያጁ ናቸው። እሑድ ቀን ደውለውልኝ አያውቁም። ነገ ጠዋት ከሰርቪሱ ቀድሜ እንድገባ፣ በቀሩት ሼዶች ላሉት ሠራተኞች የማስተረጉመው ነገር እንዳለ ነገሩኝ። ስለ ምን እንደሆነ ስጠይቃቸው «ስትመጪ» ብለው ዘጉት።