የወንድሜ ሞተር ድምፅ

በእኛ አገር ፈረሰኛ ሲሞት ፈረሱ ተጭኖ ለቅሶው መሀል ይወጣል። ታናሽ ወንድሜ ታሞ ሲሞት ፈረስ አልነበረውም፤ የነበረችው ቤንዚንና ዘይት ተደባልቆ የሚሞላላት፣ ጭሷ ከአንኮበር ጉም የማይለይ አሮጌ ሞተርሳይክል ናት። እሷም በቀብሩ ዕለት አልነሣ አለች። እናቴ በሞቱ ላይ ሌላ ሞት የተጨመረባት ያህል አዘነች። "ለአርባው አስነሣልኝ፤ ከቤተ ክርስቲያን እስከ ድንኳኑ በድምፅዋ ትግባለት" አለችኝ።

እኔ ደብረ ብርሃን የወፍጮና የውሃ ፓምፕ ሞተር እጠግናለሁ። አየርና ቤንዚን የሚያደባልቀውን ካርቡራተር ፈትቼ ሳየው ውስጡ ተበልቶ አልቋል። ኦርጂናሉ ከገበያ ከጠፋ ቆይቷል፤ ያገኘሁት ኮፒውን ነው። ይዤው ወደ አንኮበር ወረድኩና እናቴ ግቢ ውስጥ ሥራ ጀመርኩ።

ኮፒ መቼም ልክ ሆኖ አይመጣም። መጋጠሚያው አየር ስላስገባ ከወፍራም ካርቶን መሀሉን የሚደፍን ጓርኒሲዮን ቆረጥኩለት። ቤንዚን የሚያልፍባት ቀዳዳ ደግሞ የተሠራችው ለቆላ አየር ነው፤ እኛ ጋ አየሩ ስስ ስለሆነ ቤንዚኑ ይበዛና እሳት የሚጭረው ካንዴላ ጥላሸት ለብሶ ይወጣል። በጠባብ ለወጥኳት። ካቻቢቴ ይዤ የካርቡራተሩን ማስተካከያ ብሎን ትንሽ እያጠበቅሁ፣ ትንሽ እያላላሁ ብዙ ደከምኩ። በመጨረሻ በአንድ እርግጫ ተነሣች፤ ነዳጅ ሳልሰጣትም ረግታ መሥራት ጀመረች።

እናቴ ጥቁሯን ለብሳ በረንዳው ላይ ተቀምጣለች። "እንዴት ናት?" አልኳት።

"ደህና ናት። ግን የሰው ናት፤ የእሱ አይደለችም።"

ተናደድኩ። "እማዬ፣ ከተገዛች ጀምሮ እንዲህ ሠርታ አታውቅም።"

"እሱን መች አልኩ። የእሱ ሽቅቡን ስትጨርስ ታስል ነበር።"

የሞተ ልጅ አንገቱ ረዥም ነው ይባላል። እኔ ግን የወንድሜን አንገት አላስረዝምም፤ ዘይቱን በዓይኑ እየገመተ ነበር የሚጨምረው፣ በዚህ ስንት ጊዜ ተጣልተናል። እናቴ የናፈቀችው ሳል የእሱ ቸልተኝነት ነው። ምን ላድርግ፣ ያስተካከልኩትን ማበላሸት ጀመርኩ። ዘይት ጨመርኩ፣ ብሎኗን አላላሁ፣ ጭሱ ግቢውን ሞላው። እናቴ ዓይኗን ጨፍና "አይደለም" ትለኛለች፤ እኔ እንደገና አዞራለሁ።

"ቀርቧል" አለች።

ጥቂት አዞርኩ። ሞተሯ ሁለቴ አሳለች፣ ተንዘፈዘፈች፣ ጠፋች።

"ይኸውልህ እሱ!" ብላ እናቴ ተነሥታ ቆመች።

እሱ በሕይወት ሳለ ሞተሯ እንዲህ አስላ ስትጠፋ ቀጥሎ የሚሰማው የግቢው ቆርቆሮ በር ነበር። እኔም ካቻቢቴውን እንደያዝኩ ወደ በሩ ዞርኩ። ሁለታችንም ጠበቅን። የሞተ ሰው እንደማይመጣ ጠፍቶን አይደለም፤ ጆሯችን እንዲያ ስለለመደ ነው። በሩ ዝም አለ። እናቴ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ይዛ ተመልሳ ተቀመጠች። እኔ ሞተሯ ላይ ተደፍቼ፣ ቀብሩ ላይ እንኳ ያላለቀስኩትን ለቅሶ አለቀስኩ።

ቆይታ "አታስነሣት" አለችኝ። "ለአርባውም አታስነሣት። ድምፅዋን ከሰማሁ በር ልከፍትለት ነው የምሮጠው። ሰው ፊት እብድ አታድርገኝ።"

በአርባው ዕለት ሞተሯን ሳላስነሣ ከቤተ ክርስቲያን እየገፋሁ መጣሁ። ሽቅቡ ላይ ስትከብደኝ እናቴ ከሴቶቹ መሀል ወጥታ ከኋላ ያዘቻት፤ ለሁለት ገፍተን አስገባናት።