የማርቆስ ዕድሜ

ቲቸር ወርቁ፣ የስፖርት አስተማሪያችን፤ ማርቆስ፣ ከወላይታ የመጡ የጴንጤ ቤተሰብ ልጅ፣ ከክፍላችን ሁሉ ቀጭኑ፤ አልማዝ፣ ወንዶቹን ሁሉ የምትቀድመው፤ አራተኛው እኔ፣ ጽሕፈቱ ያምራል ተብዬ መዝገብ ያዥ የተደረግሁት። ትናንት ልጄ ከትምህርት በኋላ ስፖርት ሠርታ መጥታ የረጠበ ሸራ ጫማዋን ጀሞ ባለው ቤታችን በረንዳ ላይ ስታሰጣ፣ የላስቲኩና የጭቃው ሽታ እነዚህን ሰዎች ሰብስቦ አመጣብኝ።

በደርግ ጊዜ ዛሬ የጀሞ ሕንፃ ሁሉ የቆመበት መሬት የጤፍና የሽምብራ ማሳ ነበር። የመጨረሻው ደወል ተደውሎ ሌላው ልጅ ወደ ቤቱ ሲበር፣ እኛ ሠላሳ የምንሆነው ደብተራችንን አጥር ሥር ቆልለን በማሳዎቹ መሃል ወደ ፉሪ ዳገት እንሮጣለን። በመጀመሪያው ወር ሩጫው ግማሻችንን ያስታውከን ነበር። ቲቸር ወርቁ ሰዓቱን አውልቆ፣ በየተራ አንገታችንን ዳስሶ የልባችንን ምት እየቆጠረ፣ «ይሄ ልብ ነው ወይስ የወፍጮ ሞተር?» ይለናል፤ እኔ ቁጥሩን እጽፋለሁ። ክረምቱ ሳይገባ ያው ልብ ረጋ፣ ጉልበታችን ጠና፤ ሳል የማይለቀው ማርቆስ እንኳ ዳገቱን መዝሙር እያንጎራጎረ የሚወጣ ሆነ። አልማዝ ደግሞ መጨረሻ የምቀረውን እኔን ዞር ብላ እያየች፣ «አንተ ጸሐፊ፣ በእስክሪብቶ አይሮጥም እኮ!» ትለኝ ነበር።

ማርቆስ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነበር። ቀበሌዎቹ ሁሉ በሚገናኙበት በከፍተኛው ውድድር የሚሰለፉት፣ አዲስ ከነቴራም የሚሰጣቸው፣ አሥራ ስምንት የሞላቸው ብቻ ናቸው።

«ወንድሜ፣ መዝገቡ ላይ ሁለት ዓመት ብቻ ጨምርልኝ። ባንተ ጽሕፈት ላይ ማን ይጠራጠራል?» አለኝ።

ሙገሳው ጣመኝና ጻፍኩለት። ቲቸር ወርቁም አምኖኝ ሳያነብ ፈረመ። ማርቆስ ሮጦ ሁለተኛ ወጣ፤ ከነቴራውን ሳምንት ሙሉ ሳያወልቅ ሰነበተ፤ እናቱ ልታጥበው ስትለምነው እንኳ እምቢ አለ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ቀበሌው ለብሔራዊ ውትድርና ወጣት ሲመለምል መዝገባችንን ወሰደ። ዕድሜውንም ጤናውንም ተጽፎ ያገኘ ሰው ሌላ ምን ይፈልጋል? ማርቆስ ተጠራ። ልጆቼን ስለ እውነት ስገሥጽ የማልነግራቸው ሁለት ቀን አለኝ፤ ቅጣት ፈርቼ ዝም ያልኩበት። በሦስተኛው ቀን ለቲቸር ወርቁ ተናዘዝኩ። አልመታኝም፤ ኮቱን አንሥቶ እየሮጠ ወደ ቀበሌ ሄደ። ሊቀመንበሩ መዝገቡን ገልጦ፣ «ጓድ መምህር፣ ፊርማው ያንተ አይደለም እንዴ?» አለው። ማርቆስ የዚያኑ ዕለት ጠዋት ተጭኖ ሄዶ ነበር።

ቲቸር ወርቁ በዚያ ፊርማ ተቀጥቶ ወደ ገጠር ተዛወረ፤ እሱን የተካም አልነበረምና ሩጫው ቆመ። ያ ሁሉ ልጅ በአንድ ክረምት ትንፋሹ አጠረ፤ አልማዝ ዛሬ እኛ ቤት ለመድረስ ደረጃው ላይ ሦስት ጊዜ ታርፋለች፣ በዚህም ራሷ ትስቃለች። እኔ ከአፍረት የተነሣ ትምህርት ቤቱን ተውኩ፤ ከዚያ ወዲህ ያወቅሁትን ብቻዬን አንብቤ ነው ያወቅሁት። ማርቆስ ከዓመታት በኋላ በክራንች ተመለሰ። ስንገናኝ አጥብቆ ያቅፈኛል፤ ነገሩን አንሥቶት አያውቅም፣ እኔም ይቅርታ ለመጠየቅ አፌን መክፈት አቅቶኝ ይኸው ሸመገልኩ። እኔ በአንድ መስመር የጨመርኩት ሁለት ዓመት ማርቆስን እግሩን፣ ቲቸር ወርቁን ተማሪዎቹን፣ ሠላሳ ልጆችን ጤናቸውን፣ እኔን ደግሞ የጓደኛዬን ዓይን ሳልሸሽ ማየትን አስከፈለን።