በሬዲዮ የታሰረችው ሴት

ነገሩ የሆነው አምና፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። ሰው ስለ ደራሲነቴ በጠየቀኝ ቁጥር ከመጽሐፌ ቀድሞ ትዝ የሚለኝ ይኸው ስለሆነ ልጽፈው ወሰንኩ።

የምኖረው ካዛንቺስ፣ ከመፍረስ በተረፈች አንዲት ጥግ፣ እትዬ የሺ ግቢ ውስጥ ሰርቪስ ቤት ተከራይቼ ነው። እትዬ የሺ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ትልቁ ቪላ ውስጥ ብቻቸውን ይኖራሉ። ቪላው አሮጌ ነው፤ በረንዳው ጥግ ላይም ሁልጊዜ የተቆለፈ ክፍል አለ። ለጀማሪ ደራሲ ከዚህ በላይ ምን ይሰጠዋል? አስፈሪ ልቦለድ ጻፍኩበት። አዲስ ሙሽራ አሮጌ ቪላ ትገባለች፤ ከተቆለፈው ክፍል የሴት ድምፅ ትሰማለች፤ አማቷ ግን "ማንም የለም" ይሏታል። ሴትየዋ እውነት ትኑር ወይስ ሙሽራዋ አእምሮዋ ተነክቶ ይሁን፣ እስከ መጨረሻው አይታወቅም።

መጽሐፉን የገዙልኝ ጓደኞቼ ናቸው፤ ያነበበው ያለ አይመስለኝም። በኋላ አንድ የሬዲዮ ተራኪ አገኘውና "አድማጭ ግራ መጋባት አይወድም" ብሎ አሻሻለው። በእሱ ትረካ ሴትየዋ በእርግጥ ታሰረች፤ በየሳምንቱም ትጮሃለች። መግቢያው ላይ ደግሞ "ካዛንቺስ ውስጥ በተፈጸመ እውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ" አለበት። ዝና መጣልኝ ብዬ ዝም አልኩ።

ሰፈሩ ግን ዝም አላለም። የግቢውን አረንጓዴ በርና ደጃፉ ላይ ያለውን ጽድ እንዳሉ ነበር የጻፍኳቸው፤ ቤቱ ወዲያው ታወቀ። እትዬ የሺን ሰላም የሚላቸው ጠፋ። እሳቸው ሬዲዮ አይሰሙም፤ "ምን በድያቸው ነው?" እያሉ ይጠይቁኛል። ስማቸውን ያጠፋሁት እኔ መሆኔን ካወቁ ከቤት ያስወጡኛል ብዬ ስለፈራሁ "ኑሮ ነው፣ ሰው ተጨናንቆ ነው" እላቸዋለሁ።

አንድ እሑድ ጠዋት ሽማግሌ መጣ። የእድሩ ሊቀመንበር ጋሽ ታደሰ ከፊት፣ ሌሎች ሁለት ከኋላ፣ ሁሉም ነጠላቸውን አጣፍተው። እትዬ የሺ ደንግጠው ወንበር አቀረቡ።

"አንቀመጥም" አሉ ጋሽ ታደሰ። "ጉዳያችን ሳይፈጸም ውሃም አንቀምስም።"

"ምነው? ማን ሞተ?"

"ማንም አልሞተም፤ እንዳትሞት ነው የመጣነው። ብታጠፋም ይቅር ይበሏትና ይፍቱልን።"

"ማንን?"

ጋሽ ታደሰ በከዘራቸው ወደ ተቆለፈው ክፍል አመለከቱ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። "ጋሽ ታደሰ፣ በሬዲዮ የምትጮኸው እኮ ልቦለድ ናት! ሴትየዋን የፈጠርኳት እኔ ነኝ" አልኩ።

"አንተ ምን ታደርግ፣ ተከራይ ነህ፤ ትፈራለህ" አሉኝ በሐዘኔታ።

እትዬ የሺ ሽማግሌዎቹን በየተራ አዩአቸው። "የዚያ ክፍል ቁልፍ እርስዎ ጋ አይደለም እንዴ፣ ጋሽ ታደሰ? የእድሩ ቤት ለመንገድ ሲፈርስ ድንኳኑን አምጥተው የቆለፉበት እርስዎ አይደሉም?"

ጋሽ ታደሰ ኪሳቸውን ዳበሱ። ቁልፉ ተገኘ፤ ክፍሉም ተከፈተ። ድንኳን፣ የተደራረቡ ወንበሮች፣ ጥቀርሻ የለበሰ ብረት ድስት። አንደኛው ሽማግሌ "ለማንኛውም" ብለው ከድንኳኑ ኋላ ጎንበስ ብለው አዩ።

ሳቄ ሊያመልጠኝ ሲል እትዬ የሺ ተናገሩ።

"ካቻምና እግሬ ተሰብሮ ሶፋ ላይ ስከርም ደጄን የረገጠ አልነበረም። ለሌለች ሴት ግን ተሰብስባችሁ መጣችሁ። እንድትመጡልኝ እኔም በሬዲዮ መጮህ ነበረብኝ?"

ጋሽ ታደሰ ሳይጠየቁ ተቀመጡ።

እትዬ የሺ እኔን ከቤት አላስወጡኝም። ለይቅርታው ይሁን ለእፍረቱ እንጃ፣ ከዚያ ወዲህ ሰፈርተኛው በየእሑዱ እየመጣ ይጠይቃቸው ጀመር። ልቦለዱም አሁን ፊልም ሊሆን ነው። ዳይሬክተሩ "ማለቴ፣ ሆረር እዚህ አይሄድም፤ በቃ ኮሜዲ እናድርገውና በሠርግ እንዝጋው" ብሎኛል። ፈቅጃለሁ፤ ከሬዲዮው አይብስም።

ትረካው ካለቀ ግን ቆይቷል፤ ሰዉም ሌላ ተከታታይ ጀምሯል። ባለፈው እሑድ እትዬ የሺ በረንዳው ላይ ብቻቸውን ተቀምጠው ጠሩኝ።

"ልጄ፣ የሚመጣው ሰው ቀነሰ። እስቲ ሌላ ሴት እሰርልኝ" አሉኝ።

እሳቸው እየሳቁ ነው ያሉት። እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ።