የኮክ መልክ ያለው ሰም

ሰቆጣ ውስጥ የሰም ነገር ከተነሣ የማስተዋል ስም ሳይነሣ አይቀርም ነበር። ከጋዝጊብላ ይምጣ ከአምደወርቅ፣ ማሩን ሸጦ ሰፈፉ የተረፈው ሰው ሁሉ ቅሉን አንጠልጥሎ የሚሄደው ወደ እሷ ደጅ ነው። ሰፈፉን በውሃ ታፈላዋለች፣ በሻካራ ጨርቅ ትጨምቀዋለች፣ ከላይ የረጋውን ሰም አንሥታ እንደገና ታቀልጠዋለች። ከዚያ የጥጥ ፈትል እየነከረች፣ በጣውላ ላይ እያድበለበለች ጧፍ ታወጣለች። ስለት ያለበትም ተዝካር ያለበትም ጧፉን የሚገዛው ከእሷ ነው። እጇን የጨበጠ ሰው እስኪታጠብ ድረስ ማር ማር ይሸታል ይባል ነበር፤ ውሸትም አይደለም።

ዓሚኔ ደግሞ የባለሱቁ የሙሄዲን ሚስት ናት። ሱቃቸው ከገበያው በላይ ነው። መሶብና ሰፌድ የሚሰፉ ሴቶች ስንደዷቸውን የሚያቀልሙበትን ዱቄት ቀለም በማንኪያ እየሰፈረች የምትሸጠው እሷ ነች። ሁለቱን ያገናኛቸው ግን ሰምም ቀለምም አልነበረም። በዚያ በክፉው ቀን፣ በሰባ ሰባቱ ድርቅ፣ ኮረም ድረስ አብረው ተሰደው በአንድ ብርድ ልብስ አድረዋል። የዓሚኔ ልጅ ያስሚን እዚያ መጠለያ ውስጥ ስትወለድ በእጇ የተቀበለቻት ማስተዋል ናት። ማስተዋል ራሷ ልጅ ስላልወለደች፣ ያስሚንን ስታይ ዓይኗ ሌላ ነው። አንዷ ለበዓል የምታርደውን ሌላይቱ አትበላም፤ ዳቦውና ቆሎው፣ ወሬውና ለቅሶው ግን የጋራ ነበር።

እንግዲህ በዘጠና አራት ግድም ይመስለኛል፣ ሙሄዲን ደሴ ወርዶ ሲመለስ በጅቡቲ በኩል የገባ ነው ያሉትን አንድ መብራት ይዞ መጣ። ረጅም ብርጭቆ ነው፤ ከሥሩ አምፖል አለው፤ ብርጭቆው ውስጥ በአንዳች ፈሳሽ መሐል ቀይ ሰም ተቀምጧል። አምፖሉ ሲበራ ሰሙ ይሞቅና ድቡልቡል እየሆነ ቀስ ብሎ ወደ ላይ ይወጣል፤ ላይ ደርሶ ሲበርድ ደግሞ ተመልሶ ይወርዳል። ልክ የተኛ ሰው ደረት ይመስላል። የሰፈሩ ሰው «የምትተነፍሰው መብራት» አላት። የዛን ጊዜ መብራት እንደዛሬው አይደለም፤ አመሻሽ ላይ የከተማው ሞተር ሲነሣ ለጥቂት ሰዓት ነው የሚሰጠው። ታዲያ ሞተሩ ሲነሣ ሰው ለስኳርም ለክብሪትም ብሎ ሱቁን ይሞላዋል፤ ስኳሩን ረስቶ መብራቷን አይቶ ይሄዳል። ክረምቱ ሳይወጣ አንዲት ድመት ከመደርደሪያው ጥላ ሰበረቻት። ያስሚን ሰው እንደሞተባት አለቀሰች።

በዓመቱ ያስሚን ለአንድ የወልድያ ነጋዴ ልጅ ታጨች። አንድ ቀን እናቷን ተከትላ ማስተዋል ቤት መጣችና እግሯ ሥር ቁጭ አለች።

«እትዬ፣ ለጫጉላ ቤቴ እንደዚያች ያለች መብራት ይሥሩልኝ።»

«እኔ? ጧፍ ሠሪ ነኝ እንጂ መሐንዲስ ነኝ እንዴ ልጄ?»

«ሰም ነው እኮ ውስጡ ያለው። ሰም ደግሞ ከእርስዎ በላይ ማን ያውቃል?»

ዓሚኔ ከኋላ ሳቀች። «ተያት እቴ! አባቷ ነው ያሞላቀቃት። ነገ ደግሞ ጨረቃን አውርዱልኝ ትላለች።»

«ምነው፣ የኔስ ልጅ አይደለችም?» አለች ማስተዋል። «በይ ንገሪኝ፣ ሰሙ ምን ዓይነት ቀለም ይሁንልሽ?»

ያስሚን ከነጠላዋ ጫፍ አንድ የበሰለ ኮክ ፈትታ አወጣች። «ይኸን። ከዚህ በኩል ያለውን፣ ፀሐይ የመታውን።»

ማስተዋል ቀላል መስሏት ነበር። ከዓሚኔ ሱቅ ቀዩንም ቢጫውንም የስፌት ቀለም ወስዳ የቀለጠ ሰም ውስጥ በተነችው። ዱቄቱ እንደ አሸዋ ታች ዘቀጠ፣ ሰሙም እንደነበረ ቀረ። አማሰለችው፣ ደጋግማ አፈላችው፤ ወይ ፍንክች። ያ ቀለም የውሃ ወዳጅ ነው፣ ሰም አይገባም። ሁለት ቀን ስታስብ ሰነበተችና ቅቤ ስታነጥር ነገሩ ገባት። ቅቤ የእርዱን ቢጫ እንዴት ይጠጣዋል! ሰምስ የቅቤ ዘመድ አይደል? እርድ ጨምራ በስሱ አሞቀችውና አጠለለችው፤ እውነትም ቢጫ ወጣ። ለቀዩ በርበሬ ሞከረች፤ ያን ዕለት ቤቱ ሙሉ ሲያስነጥስ ዋለ፤ ሰሙም የሸክላ መልክ ይዞ አረፈ። በመጨረሻ ያስሚን የከንፈር ቀለሟን ሰጠቻት። ከእሷ በቢላ ጫፍ ቆንጥራ ስትጥልበት ሰሙ ወዲያው ተቀበለው፣ ቀላ።

ግን አሁንም ኮክ አይደለም። የንብ ሰም ራሱ ቢጫ ነው፤ የጣሉበትን ቀለም ሁሉ ያደፈርሰዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ሰሙን ማንጣት ነበረባት። እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ስስ አድርጋ እየፋቀች በሰፌድ ላይ ፀሐይ አሰጣችው፣ ውሃ እያርከፈከፈች ታገላብጠዋለች።

«አንቺ ማስተዋል!» አለቻት ዓሚኔ በአጥሩ በኩል ስታልፍ። «ደግሞ ሰም እንደ በርበሬ ታሰጪ ጀመር?»

«ዝም በይ፣ ለልጅሽ ነው የምታመመው።»

«ታመሚ፣ ታመሚ! ቡና ቤት ይዘጋል እንጂ ሙሽራ አትቀርም አሉ፣ ያንቺም ሰም መንጣቱ አይቀርም!»

«ይኸን ደግሞ ማን አለ?»

«እኔ፣ አሁን» ብላ እየሳቀች ሄደች።

ሰሙ ነጣ። ከዚያ ወዲያ ቅመማው ነው። ነጩን አቅልጣ በእርድ ከቀለመው ጥቂት፣ ከቀዩ የጥፍር ያህል ታገናኛለች። ትኩስ ሰም መልኩን ስለሚደብቅ አንድ ጠብታ ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ጠብ አድርጋ፣ ሲረጋ አንሥታ ወደ መስኮቱ ትወስደውና ከኮኩ ጎን ትይዘዋለች። አንዴ ይቀላል፣ አንዴ ይገረጣል። ኮኩ ሲጠወልግባት ሌላ ኮክ ታስመጣለች። አንድ ከሰዓት ላይ ጠብታውን ከኮኩ ጋር ስታስተያየው የትኛው የቱ እንደሆነ ዓይኗ ሳተ። ብቻዋን እልል አለች።

ቀለሙ ተገኘ፤ ሰሙ ግን አልሰምጥ አለ። ውሃ ባለበት ማሰሮ መሰል ትልቅ ብርጭቆ ውስጥ ብትጨምረው እንደ ቅቤ ላይ ይንሳፈፋል፤ ብታሞቀው ላይ እንደሆነ ይቀልጣል እንጂ አይወጣም አይወርድም። በዚህ ስትበሳጭ ነው ጎረቤቷ ወለተ ሰንበት የመጣችው። ወለተ ሰንበት አረቄ አውጪ ናት፤ ጠርሙሶቿን የምታሽገው በማስተዋል ሰም ነው። እዚያው ቁጭ ብላ የጠርሙስ አፍ ስትለስን አንድ ቁራጭ ሰም ዳግም በሚሉት፣ ሁለት ጊዜ በወጣው አረቄ ውስጥ ወደቀባት። ሰሙ ቁልቁል ሄደና ጠርሙሱ ሥር ተቀመጠ።

ማስተዋል ዕድሜዋን ሙሉ ሰም ሲሰምጥ አይታ አታውቅም። አፏን ከፍታ ቀረች።

«ምን ሁነሻል? ጋኔን ያየሽ መሰልሽ!» አለች ወለተ ሰንበት።

«ሰሙ ሰመጠ እኮ!»

«ሰክሮ ይሆናላ» ብላ ወለተ ሰንበት ሥራዋን ቀጠለች።

ያን ቀን ማስተዋል ከዚያው ጠርሙስ ገዛች። ክዳን ባለው ረጅም ብርጭቆ አረቄውን ሞላች፣ ኮክ የመሰለውን ሰም ጨመረችበት፣ ትንሽ ትንሽ ውሃ ጠብ እያደረገች አመጣጠነችው። ከሥሩ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ገልብጣ ውስጡ አምፖል አስገባች። ሞተሩ ሲነሣ አበራችው። ብዙ ቆየ፤ ከዚያ ሰሙ ለሰለሰ፣ አንገት አወጣ፣ ተቆርጦ ድቡልቡል ሆነና ወደ ላይ ተነሣ። ማስተዋል ከዚያ በፊት ከእጇ የወጣ ነገር እንዲህ አስደንቋት አያውቅም። ክዳኑን ዙሪያውን በሰም አሸገችው። አረቄ መሆኑ በዚያች ሰዓት ከቶ ትዝም አላላት። ለእሷ መጠጥ አልነበረም፤ ሰም የሚያሰምጥ ነገር ነበር።

ትዝ ያላት ዓሚኔ ልታየው የመጣች ለት ነው። ዓሚኔ መብራቱ ፊት ቆማ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ማሻ አላህ! ከዚያኛው ይበልጣል እኮ!» አለች። ዞር ዞር ብላ አየችውና፣ «ፈሳሹ ግን ምንድን ነው?» ስትል ጠየቀች።

ለመናገር ጊዜ ነበረ። እውነቱን ብትሰማ ዓሚኔ ምን ትል ነበር? ምናልባት ትስቃለች፤ ምናልባት «ውይ፣ ይኸማ የኛ ቤት አይገባም፣ ሌላ ዘዴ እንፈልግ» ትላለች። ማስተዋል ግን ያን ሁሉ ፀሐይ፣ ያን ሁሉ ቅመማ አሰበች፤ የያስሚንን ፊት አሰበች። ሌላ ዘዴ ደግሞ እንደሌለ ታውቃለች። የታሸገ ነው፣ ማንም አይጠጣው፣ ማንም አይነካው አለች በሆዷ።

«ውሃ ነው» አለች።

ዓሚኔ አልደገመችም። ለምን ትድገም?

ሠርጉ ደረሰ። ሙሄዲን ለአንድ ልጄ ብሎ ጄኔሬተር ተከራየ፤ ከጠዋት ጀምሮ ቤቱ በመብራት ተጥለቀለቀ። ማስተዋል የሠራችው መብራት ከሙሽራዋ ጓዝ ጋር እልፍኝ ውስጥ ተቀምጦ፣ መስኮቱ ተጋርዶለት ሲወጣ ሲወርድ ዋለ። ማስተዋል ቤቷ የሞከረችው ለጥቂት ሰዓት ነበር እንጂ እንዲህ ቀኑን ሙሉ ሲነድ ምን እንደሚሆን አላሰበችበትም። ከወልድያ የመጡት የሙሽራው ወገን ሴቶች ጓዙን ሊያዩ ገቡ። ፊት ፊት የምትሄደው የሙሽራው አክስት ናት፤ ቀጠን ያለች፣ ዓይኗ ምንም የማያመልጠው ሴት።

«ይኸ ደግሞ ምንድን ነው? ሲያምር!» አለች።

«የኔ እህት ናት የሠራችው» አለች ዓሚኔ፣ ማስተዋልን በክንዷ አቅፋ። «ሰሙን በእጇ ቀምማ!»

ይህን እያለች ነው ክዳኑ ላይ ያለው ሰም ቀልጦ ቁልቁል መውረድ የጀመረው። ክዳኑ ቷ ብሎ ተከፈተ። ትኩሱ ፈሳሽ በጎን በኩል ገንፍሎ በያስሚን ሣጥን ላይ፣ በአዲሱ ምንጣፍ ላይ ወረደ። ሽታው እልፍኙን ሞላው። አረቄ ሲሞቅ ሽታው የታወቀ ነው፤ ቀምሶት የማያውቅ እንኳ አይስተውም።

«አረቄ!» አለች አንዲት ሴት።

«ኧረ አይደለም» አለች ዓሚኔ። «ውሃ ነው።»

«ውሃ እንዲህ ይሸታል እንዴ?» አክስትየዋ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አደረገች። «በኒካህ ቀን፣ በሙሽራ ቤት?»

«ወላሂ ውሃ ነው!» አለች ዓሚኔ፣ ድምፅዋ ከፍ ብሎ። «በአላህ ስም፣ ውሃ ነው። ራሷ ነግራኛለች። ማስተዋል፣ ንገሪያቸው እስኪ።»

ሁሉም ወደ ማስተዋል ዞሩ። ማስተዋል አቀረቀረች። ምንጣፉ ላይ የረጋውን የኮክ መልክ ያለውን ሰም ነበር የምታየው። ዓሚኔ መልስ ስትጠብቅ፣ ስትጠብቅ፣ ቀስ ብላ ክንዷን ከማስተዋል ትከሻ ላይ አነሣች።

ጋብቻው አልፈረሰም፤ ሽማግሌዎች ነገሩን አበረዱት፣ ሙሄዲን መብራቱን በጨርቅ ይዞ አውጥቶ ደፋው፣ ምንጣፉ ተለወጠ። ያስሚን ግን ዓይኗ አብጦ ነው የተሸኘችው። ወልድያም ሄዳ ብዙ ጊዜ የአረቄዋ ሙሽራ እያሉ ቀልደውባታል አሉ።

ማስተዋል በማግስቱ መሄድ ነበረባት። ተነሥታ ነጠላዋን ለብሳ እስከ በሩ ሄዳ ተመለሰች። እንግዶቹ ይሂዱ አለች። እንግዶቹ ሄዱ። ጾሙ ይውጣ አለች፤ ጾሙም ወጣ። እንዲያ ስትል ስትል ነገሩ ከማዶ ተራራው ገዝፎ ፊቷ ቆመ። በገበያ ሲገናኙ ሰላም ይባባላሉ፣ እንደ ማንም ሰው።

በመጨረሻ በሚቀጥለው ዓመት ሄደች። ዓሚኔ ሱቁ ውስጥ ብቻዋን ቀለም ትሰፍር ነበር።

«ዓሚኔ፣ ጥፋተኛ ነኝ።»

ዓሚኔ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «እኔን ያስከፋኝ እኮ አረቄው አይደለም» አለች። «አረቄው ታጥቦ ሄዷል። ነግረሽኝ ቢሆን አብረን እንስቅ ነበር። እኔ ግን በአላህ ስም ማልኩ፣ ማስተዋል። ባንቺ ቃል ነው የማልኩት። ያን የማጥበው በምንድን ነው?»

ማስተዋል አለቀሰች። ዓሚኔም ዓይኗ ውሃ ሞላ። «አውፍ፣ ይቅር ብዬሻለሁ» አለቻት፤ «ኮረምን የረሳሁ እንዳይመስልሽ።» ከልቧ ነበር፤ ዓሚኔ የማታምነውን የምትናገር ሴት አልነበረችም።

ከዚያ ወዲህ ያንን መብራት ሥሪልን እያሉ የመጡ ነበሩ፤ መምህራን፣ የቢሮ ሰዎች። ማስተዋል ለማንም አልሠራችም። ፀሐይ ላይ ያነጣችውን የተረፈውን ሰም ከጧፉ ሰም ጋር መልሳ አቀለጠችው። እርዱና የከንፈር ቀለሙ ስንት በስንት እንደነበረ የጠየቃት ሰው የለም፤ እሷም ለማንም አልነገረችም።

ማር በገባ ጊዜ ከጋዝጊብላ የመጣ ነጭ ማር፣ ከነማር እንጀራው፣ በሳህን አድርጋ ራሷ ለዓሚኔ ይዛ ሄደች። ዓሚኔ ብድግ ብላ ተቀበለቻት፣ ሳመቻት፣ ስለ ጤናዋ ጠየቀቻት። ሳህኑን አዘንበል አድርጋ አየችው። ፊቷ ቀላ አለ፤ ልትጠይቅ እንዳፈረች ያስታውቅባት ነበር።

«ማር ብቻ ነው አይደል?» አለች።

«ማር ብቻ ነው» አለች ማስተዋል።

ዓሚኔ ራሷን ነቀነቀች፣ ሳህኑንም ክዳን ደፍታበት ከባንኮኒው ላይ አስቀመጠችው። ማስተዋል የተከደነውን ሳህን አየች። ደንበኛ ገባ፤ ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች።