እምነት ብዬ የላክሁት

ስልኩ ሲጠራ አንሶላ እያጠፍኩ ነበር። የምሠራበት የአረጋውያን መኖሪያ ልብስ ማጠቢያው ምድር ቤት ስለሆነ ኔትወርክ አይገኝበትም። የእናቴን ቁጥር ሳይ ወደ ደረጃው ሮጥኩ። እናቴ በሥራ ሰዓት ደውላልኝ አታውቅም።

«ያ የምትልኪላት እምነት አልቆባት ነው መሰለኝ» አለችኝ፣ ሰላምታውን በወጉ ሳትጨርስ። «ከአልጋ አልወርድም ካለች አራት ቀኗ። ስቀሰቅሳት ‹እምነቱ ካልመጣ አልነሳም፣ ለእትዬ ንገሪያት› ትላለች። እኔ ሞኟ ከእኛው ቤተ ክርስቲያን አምጥቼ ግንባሯን ልቀባት ስል ነጥቃ ግድግዳው ላይ በተነችው። እምነት በተነች ልጄ። እስቲ አንቺ ከዚያ ካለው ላኪላት።»

ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። እናቴ እምነት የምትለው ከቤተ ክርስቲያን የሚሰጠንን፣ በውሃ በጥብጠን የምንጠጣውን፣ ሲያመን የምንቀባውን የተባረከ አመድ ነው። እኔ ለታናሽ እህቴ የምልክላት ግን ኪኒን ነበር።

«እሺ እማዬ፣ የሚሄድ ሰው ሳገኝ እልካለሁ» አልኳት። ከዚያ ወርጄ የቀሩትን አንሶላዎች አጠፍኩ።

ኪኒኑ በሐኪም የታዘዘው ለእኔ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ አሳቤ አንድ ቦታ አይቀመጥም። ጅማ አጠገብ፣ ደዶ ያስተምር የነበረው አባቴ «የዚህች ልጅ ጭንቅላት በር አይዘጋም» ይል ነበር። በሰው አገር የእንክብካቤ ሥራ ኮርስ ስጀምር አንዷን ገጽ ለማንበብ ግማሽ ቀን ይፈጅብኝ ጀመር። ሐኪሟ መረመረችኝ፣ ደጋግማ ጠየቀችኝ፣ በመጨረሻ ትኩረት የሚሰበስብ ኪኒን አዘዘችልኝ። በየጠዋቱ ከቁርስ በኋላ አንድ። ፋርማሲው ባደለኝ ቁጥር ያው ቃል ነበር፦ ለሌላ ሰው እንዳትሰጪ። እኔም በየጊዜው ጭንቅላቴን እነቀንቃለሁ።

እውነት ለመናገር ኪኒኑ ጠቅሞኛል። እንደ ታዘዘልኝ በወሰድኩባቸው ቀኖች አነብባለሁ፣ የያዝኩትን እጨርሳለሁ፣ ማታ እተኛለሁ። ነገር ግን እኔ ጾመኛ ነኝ። በጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ አልቀምስም፣ ከሰዓት በኋላ ብወስደው ደግሞ እንቅልፍ ይነሳኛል። ስለዚህ በጾም ቀን ተውኩት። ለሐኪሟ ብነግራት አንድ መላ ትፈልግልኝ ነበር። ለንስሐ አባቴ ብነግራቸው «መድኃኒት ነው፣ ጾም አይሽርም» እንደሚሉኝ አውቅ ነበር። ስለማውቅ አልጠየቅኋቸውም። ጾሜ ሙሉ እንዲሆንልኝ ፈለግሁ። እኛ ስንት ቀን እንደምንጾም የሚያውቅ፣ ስንት ኪኒን እንደተረፈኝ ያውቃል።

እህቴ ያን ጊዜ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመቷ ነበር። የምትወደው ቋንቋ ሆኖ ሳለ የደረሳት ኢንጂነሪንግ ነው። ተማሪው ሁሉ በአንድ ለአምስት በተደራጀበት ዘመን እሷን ጎበዝ ናት ብለው የቡድን መሪ አደረጓት። ደውላ «እትዬ፣ አምስት ሰው ጎትቺ ብለውኛል» አለችኝ። «እኔን ማን ይጎትተኛል? መጽሐፉን ሦስቴ ባነበው አይገባኝም።»

የተረፈኝን አሰብኩ። በጾም ከአፋችን የቀረው ለተቸገረ ነው እየተባልን አይደል ያደግነው? ኪኒኑን በዚያ ሒሳብ ምጽዋት አደረግሁት። ከቤት ስወጣ እናቴ እምነት ሞልታ የሰጠችኝ ትንሽ ብልቃጥ ነበረች፣ መስቀል በተጠለፈበት ነጭ ከረጢት ውስጥ። ባዶዋን አስቀምጫት ነበር። ኪኒኑን እሷ ውስጥ ሞላሁና አፏን በፕላስተር አሸግሁ።

ወደ ጅማ የምትሄድ አንዲት የቤተ ክርስቲያናችን ሴት «ምንድን ነው?» አለችኝ። የሰው ዕቃ ይዞ አውሮፕላን መግባት ያስፈራል፣ እውነቷን ነው።

«እምነት ነው» አልኳት።

ከረጢቷን ተሳልማ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተቻት።

ለእህቴ በስልክ አስጠነቀቅኋት። «አንድ በጠዋት፣ ከቁርስ በኋላ። እማዬ እንዳታይ።» ከዚያ ወዲህ በሁለታችን መካከል ስሙ እምነት ሆነ። መጀመሪያ እየሳቀች ነበር የምታወራው። «እትዬ፣ እምነትሽ ተራራ ያፈልሳል፣ ማትሱን አፈለሰልኝ» ትለኛለች። እኔም እስቃለሁ። ከዚያ «ትንሽ ጨመር አድርጊ» አለች። ከዚያ «ያለሱ ክፍል መግባት ያስጠላኛል።» እኔ ምን አደረግሁ? የጾም ቀን ጨመርኩ። ግዴታ ያልሆነውን የጽጌን ጾም ሳይቀር ጾምኩ፣ ለእሷ እንዲተርፍ። የማኅበሩ ሴቶች «እሷ እኮ ጽጌንም አትተውም» ሲሉ አንገቴን እደፋ ነበር። የደፋሁት ከትሕትና መስሏቸዋል።

እናቴ በደወለች ቁጥር ደስ ብሏታል። «እህትሽም እንዳንቺ ጾመኛ ወጣች። ምግብ የሚባል አታይም፣ ስታነብ ነው የምትውለው።» ሁለት፣ ሦስት እየወሰደች እንደሆነ ያን ጊዜ መገመት ነበረብኝ። ልቧ እየመታ እንደሚያስቸግራት፣ የቡድኗ ልጆች ደብተሬን ይሰርቃሉ ብላ ትራስ ውስጥ እንደምትሰፋው በኋላ ነው የሰማሁት። ከዚያ የሚሄድ ሰው አጣሁ፣ ብልቃጧም ባዶ ሆነች። የእናቴ ስልክ ያን ጊዜ ነው የመጣው።

እምነት የበተነች ልጅ ምን ይደረጋል? እናቴ ጠበል ወሰደቻት፣ በሰኮሩ መንገድ ወዳለ አንድ ጠበል። «ጥሩ ነው» አልኳት። አንድ ቃል፣ ኪኒን የሚለውን ቃል ብተነፍስ ሐኪም ቤት ትሄድ ነበር። አልተነፈስኩም። ለእሷ ስል ነው እያልኩ ሰባት ሳምንት ጸለይኩላት።

እዚያ የሆነውን የነገሩኝ ጎረቤታችን ናቸው፣ ከደዶ ድንች እያመጡ ጅማ የሚሸጡ ሙስሊም እናት። እናቴ ገበያ ስትውል በእሳቸው ጀርባ ነው ያደግሁት። ሊጠይቋቸው ሄደው ከሰው ጋር ቆመው ሲያዩ፣ ጠበል የሚያጠምቁት አባት መስቀሉን አስደግፈው ይጠይቃሉ። እህቴን አይደለም የሚጠይቁት፣ በላይዋ አለ የተባለውን መንፈስ ነው።

«ማን ላከህ?»

«እህቴ ናት የላከችልኝ» ትላለች እህቴ።

«ምን አድርጋ?»

«መድኃኒት። መድኃኒት ነው፣ በብልቃጥ፣ በነጭ ከረጢት።»

ሕዝቡ «ለፈለፈ፣ ለፈለፈ» ይላል። መድኃኒት አደረገችባት ሲባል ምን ማለት እንደሆነ በእኛ አገር የማያውቅ የለም። እናቴ ግን ከመካከል ተነሥታ «ውሸቱን ነው፣ ልጄ ጾመኛ ናት፣ ስሟን ሊያጠፋ ነው» አለች። ሰውም ደገፋት። ሐሰተኛ መንፈስ ጻድቅ ላይ ይለጥፋል ተባለ። እህቴ እውነቱን በተናገረች ቁጥር መስቀሉ ይጠብቅባታል፣ ውሃው ይጨመርባታል። በመጨረሻ ዝም አለች። ለቀቃት አሉ።

ጎረቤታችን የዚያኑ ዕለት ደወሉልኝ።

«ኢንታላ ኮ፣ የኔ ልጅ፣ ይህቺ ልጅ ጂኒ የለባትም። ልጄ ጫቱን ያቆመ ሰሞን ልክ እንዲህ ነበር። ይተኛል፣ ሲነሳ ይሳደባል፣ እንደገና ይተኛል። ምንድን ነው ስትወስድ የነበረው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ እማማ።»

«ለእናትሽ ዋሺ፣ ለእኔ አትዋሺም። ወላሂ፣ በጀርባዬ ላይ ስትሸኚብኝ የነበርሽ ልጅ ነሽ።»

ነገርኳቸው። «በይ ስሙን በደንብ ንገሪኝ፣ ለሐኪም የምነግረው» አሉኝ። ፊደል በፊደል አስጻፍኳቸው። በማግስቱ እናቴን «ደክማለች፣ ሐኪም ቤት ጉልበት የሚሆናት ይስጧት» ብለው አግባብተው እህቴን ጅማ ሆስፒታል አስገቧት።

ሐኪሙ በእሳቸው ስልክ አነጋገረኝ። ወጣት ነው፣ አልተቆጣኝም። ስንት ትወስድ እንደነበር፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቀኝ። «ይህን ተክቶ የሚሰጥ ኪኒን የለንም» አለኝ። «እንቅልፏና ምግቧ እስኪመለስ፣ የሚያናግራት ሰው ነው የሚያስፈልጋት። አሁን የሚያሰጋኝ ሐዘኑ ነው፣ ራሷን እንዳትጎዳ ብቻዋን አትተዉአት። ጠበሏን አልከለክልም፣ ቀጠሮዬ ግን እንዳይቀር። ለአንቺ የተለካ ነገር ለእሷ አልተለካም። ማንም ሳያያት ነው የወሰደችው።» ወራት ፈጅቷል። በየቀጠሮው ያመላለሷት ጎረቤታችን ናቸው። ዳነች። ትምህርቱ ግን አመለጣት።

በዓመቱ ጅማ ገባሁ። ጅሬን፣ እናቴ ቤት፣ መደቡ ላይ አስቀምጫት ሁሉንም ነገርኳት። እህቴ ጓሮ በር ላይ ሰሃን ታጥብ ነበር። እናቴ እስከ መጨረሻው ሰማችኝና ጉንጬን ዳበሰችኝ።

«አንቺ ልጅ፣ መቼም የሰው ሸክም ካልተሸከምሽ አይሆንልሽም። የእህትሽን ስም ልታድኚ ነው፣ ገብቶኛል። እግዜር ይስጥሽ።»

«እማዬ፣ እውነቴን ነው። እኔ ነኝ።»

«እሺ፣ እሺ። እንብላ አሁን።»

እህቴ ሰሃኑን ሳትተው ተናገረች። «ተያት እትዬ። እኔ ስናገር ጂኒው ነው አለችኝ። አንቺ ስትናገሪ ጽድቅሽ ነው። እኔን በምን ጆሮ ልትሰማኝ ነው?» ከዚያ በኋላ እስክመለስ ድረስ ቡና ጠጪ ወይም ደህና እደሪ ከማለት በቀር አላናገረችኝም።

ዛሬ ቡና መልቀሚያ መጋዘን ትሠራለች። ሽማግሌ የላከባት ሰው ነበር፣ ጥሩ ሰው ይላሉ። አንዱ ሄዶ «እሷ እኮ ያቺ ጠበል ላይ የለፈለፈችው ናት» አለውና ቀረ። እናቴም የመጣውን ሁሉ «ለቋታል፣ ፈርታችሁ ነው» ትላለች። ልጄ ምንም አልነበረባትም አትልም። እኔ ዛሬም ኪኒኔን እወስዳለሁ፣ ጾም ቢሆንም ባይሆንም፣ በሐኪሟና በንስሐ አባቴ ፈቃድ። ሁለቱንም ለመጠየቅ የፈጀብኝ ግማሽ ቀን ነው።

በዚያ ሰሞን በሰኮሩ መንገድ እዚያ ጠበል የነበራችሁ፣ ከእናቴ ጋር ምንጣፍ የተጋራችሁ፣ ለእህቴ ውሃ የቀዳችሁ ሆይ፣ እኔን እናቴ አታምነኝም፣ ጎረቤታችንንም እኔ ያስባልኳቸው ይመስላታል፣ ለእኔ ያላት ግምት አያስችላትም። እናንተ ግን በጆሯችሁ ሰምታችኋል። ብልቃጧን ብላለች፣ ነጩን ከረጢት ብላለች። ከረጢቷን የሰፋችው ራሷ እናቴ ናት። ጅሬን ከወጣችሁ ጎራ በሉና የሰማችሁትን ሳትጨምሩ ሳትቀንሱ ንገሩልኝ። «ማን ላከህ?» ሲባል የመለሰችው ራሷ እህቴ እንደነበረች፣ የመለሰችውም እውነት እንደነበረ ንገሩልኝ። በየቤቱም «የለፈለፈችው» የምትሏት ካላችሁ፣ እባካችሁ ያን ስም ከእሷ ላይ አንሡላት።