የረምላ ሥዕል ለምን እንደፈሰሰ

ልጅ እያለሁ፣ አራተኛ ክፍል ሆኜ፣ የጓደኛዬን ሥዕል በቅናት አበላሸሽ ተብዬ ከሥዕል ትምህርት ተባርሬአለሁ። ሥዕሉን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ አንድም ቀን ክጄ አላውቅም። በቅናት የሚለው ግን ውሸት ነው። ለምን እንዳደረግኩት ማንም በቅጡ ሳይጠይቀኝ ተፈረደብኝ። አሁን የልጅ ልጅ ያየሁ ሴት ነኝ። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ቢሆንም መጻፍ አላቃተኝምና ነገሩ እንደነበረ ተጽፎ ይቀመጥልኝ።

ቤታችን ከሸማ ተራ ጀርባ ነበር። አባቴ ሸማኔ ነው፣ ከጨንቻ በልጅነቱ የመጣ። እናቴ እሱ የሠራውን ነጠላና ጋቢ ትሸጣለች፤ ለሌሎች ሸማኔዎችም ለጥለት የሚሆን ባለቀለም ክር ታቀርባለች። የዚያን ጊዜ የመርካቶ ልጅ የሆነ ሁሉ ያስታውሰዋል፤ ጠዋት መጀመሪያ የምንሰማው የመወርወሪያውን ድምፅ ነበር፣ ቀጥሎ ደግሞ የተሸካሚዎቹን "ዞር በሉ! ዞር በሉ!" ንፋስ ከበርበሬ ተራ በኩል የመጣ ቀን ሰፈሩ በሙሉ ያስነጥሳል። ከትምህርት ቤት ስንመለስ ሰኞ ማክሰኞ እንጫወታለን። መስመሩን የምናሰምረው ከልብስ ሰፊዎቹ በምንለምነው የጠመኔ ስባሪ ስለነበር መንገዱ ሰማያዊና ሮዝ ሆኖ ያመሽ ነበር።

ያን ዓመት ትምህርት ቤታችን አንድ ሠዓሊ መጣ። ጋሼ ደምሴ ይባላል። ረጅም፣ የኮቱ እጅጌ ቀለም የነካካው፣ ሲቆጣም ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነበር። መተዳደሪያው ሥዕል ነው ሲሉን ማናችንም አላመንንም። እኛ የምናውቀው ሥራ የሚለበስ፣ የሚበላ ወይም የሚሸከሙት ነገር ነው። እንግዲህ ስምንት ልጆች ተመረጥንና ቅዳሜ ጠዋት ጠዋት በውሃ ቀለም መሣል ያስተምረን ጀመር። ዓመቱ ሲያልቅ ከስምንታችን አንዱን እመርጣለሁ፣ ክረምቱን እቤቴ እየመጣ ይማራል አለን። እኔ ያን ቦታ ፈለግኩት። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ ወዲህ እንደዚያ አድርጌ የፈለግኩት ነገር ብዙ አይደለም።

ከክፍላችን የተመረጥነው እኔና ረምላ ነን። ረምላ የጅምላ ጨርቅ ነጋዴ ልጅ ናት። ወላጆቿ ከስልጤ የመጡ ናቸው፤ ሱቃቸው ከሲኒማ ራስ ወረድ ብሎ ነበር። አንድ ዴስክ ላይ ነበር የምንቀመጠው፤ እርሳስ ብትረሳ የኔን ሰብሬ አካፍላታለሁ፣ ዳቦ ብረሳ ታካፍለኛለች።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ጋሼ ደምሴ ቀለሙን ደበቀና ውሃ ብቻ ሰጠን። ወረቀቱን በብሩሽ አርጥቡት፣ ውሃው ወዴት እንደሚሄድ እዩት አለን። ልጆቹ ተሳሳቁ። ሰባቱ ወረቀታቸውን ጨፈጨፉት፤ የአንዱማ ተቀደደ። እርጥብ ወረቀት የሚሸተው ሽታ፣ ዝናብ የመታው ካርቶን ዓይነት ነገር፣ እስካሁን አፍንጫዬ ላይ አለ። ቀለሙ ሲመጣ ደግሞ ነጭ አጥተን ሳጥኑን አገላበጥን። "ነጩ ወረቀቱ ነው" አለ። "ነጭ እንዲሆን የምትፈልጉትን ቦታ አትንኩት። በቃ።" ለሌሎቹ ይህ ከባድ ሆነ፤ ባዶ ቦታ ባዩ ቁጥር መቀባት ይወዳሉ። ለኔ ግን የምኖርበት ቤት ነበር። የአባቴ ሸማ በሙሉ ነጭ ነው፣ ቀለም ያለው ዳሩ ላይ ብቻ። ገመድ ላይ የተሰጣ ጋቢ ሣልኩ፤ ነጩን ተውኩት፣ እጥፋቱ ላይ ብቻ ቀጠን ያለ ግራጫ ነካ ነካ አደረግኩበት። ጋሼ ደምሴ ወረቀቱን አንስቶ ብርሃን ላይ ያዘውና ቆየ። "ይህቺ ልጅ መተው ታውቃለች" አለ። ስምንታችንም ሰምተናል።

ቅዳሜ በቅዳሜ እንዲህ ሄድን። ከዚያ ያ ቅዳሜ መጣ። ረምላ ነጠላ የለበሰች ሴት ሥላ ነበር፤ ጥለቱ ሰፊ፣ ድምቅ ያለ ቀይ። ጋሼ ደምሴ ርዕሰ መምህሩ ጠርተውት ወጣ ብሏል።

"አስካለ፣ እዪልኝ እስኪ" አለችኝ። "ቀይዋ እንዴት ናት?"

"ታምራለች። ግን አትለቅም?"

"እኔ ምን አውቄ! የጥለት ነጋዴ ልጅ አንቺ! እስኪ ፈትሺልኝ" ብላ ወረቀቱን እጄ ላይ አስቀመጠችው።

እኛ ቤት ቀይ ሳይረጥብ አይወደስም። እናቴ አዲስ ክር ሲመጣላት አንዱን ትመዛለች፣ ውሃ ትነክራለች፣ ነጭ ጨርቅ ላይ ትፈትጋለች። ጨርቁ ከቀላ ክሩ ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። የሚለቅ ጥለት በመጀመሪያው አጠባ ነጠላውን በሙሉ ያበላሻላ፤ ያን ጊዜ ስሙ የሚጠፋው ክሩን ያቀለመው ሰው ሳይሆን ሸማኔው ነው። ይህን ሥራ ከስድስት ዓመቴ ጀምሮ ሠርቼዋለሁ። ስለዚህ ነጭ ላይ ያረፈ ቀይ ጥለት እጄ ላይ ሲቀመጥልኝ ብዙም አላሰብኩም። ጣቴን የብሩሽ ማጠቢያው የውሃ ጣሳ ውስጥ ነከርኩና ፈተግኩት። ለቀቀ። "ይለቃል" አልኳት። ምን ያህል እንደሚለቅ ለማወቅ ደግሞ ትንሽ ውሃ አፈሰስኩበት። ቀዩ ወርዶ ወርዶ የሴትዮዋ እጅ ላይ ደረሰ፣ ከዚያ ወረቀቱን ሳዘነብለው ፊቷ ላይ። በውሃ የተሠራን ነገር በውሃ መፈተን ሞኝነት መሆኑ አሁን ይገባኛል። ያን ጊዜ ግን የሚለቅ ቀለም ለሰው መስጠት ነውር እንደሆነ እንጂ ሌላ አላውቅም ነበር።

ጋሼ ደምሴ ሲገባ ረምላ ታለቅሳለች፣ ወረቀቱ እኔ እጅ ላይ ይንጠባጠባል።

"ማነው እንዲህ ያደረገው?"

"እኔ ነኝ። ይለቃል ወይ ብዬ ነው።"

ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። ሠዓሊው የቀለድኩበት መሰለው፤ የሸማ ተራን ሥራ ከየት ያውቀዋል። ወደ ረምላ ዞሬ አየሁ። "እኔ ነኝ የሰጠኋት" ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅባት። እሷ ግን እንባዋን በሹራቧ እጅጌ እየጠረገች ጣሳውን ታያለች። ጋሼ ደምሴ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ፣ "ቅናት በዚህ ዕድሜ ከጀመረ ያስፈራል። ዕቃሽን ያዢና ውጪ" አለኝ። ወጣሁ። ጋቢዬን የሣልኩበት ወረቀት እዚያው ግድግዳ ላይ ቀረ፤ በሚቀጥለው ሳምንት በመስኮት ሳይ ተነሥቷል።

እናቴ ነገሩን ስትሰማ ሥራዋን አቁማ ሰኞ ጠዋት ትምህርት ቤት መጣች። የኢናሜል ሳህን፣ አንድ ጥቅል ቀይ ክርና ነጭ ጨርቅ ይዛለች። ጋሼ ደምሴ ያን ዕለት ለሌላ ጉዳይ መጥቶ መምህራን ክፍል ነበር። ጠረጴዛቸው ላይ ሳህኑን አስቀመጠችና ውሃ አስመጣች። "መምህር፣ እኔ ልጄን ያስተማርኳት ይህን ነው። ይዩት" ብላ ክሩን ነክራ ፈተገች። መምህራኑ ሁሉ ከበቧት። አንዷ መምህርት፣ "እትዬ አመነች፣ እኔ ለፋሲካ የገዛሁት ቀሚስ ለቆብኝ ጉድ ሠርቶኛል! ከማን ነው የሚገዛው?" ብላ ጠየቀቻት። እናቴ ለሷም መለሰችላት፤ ንግድ መቼም ንግድ ነው።

ጋሼ ደምሴ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት አየ። ከዚያ፣ "እጅዎ ባለሙያ ነው፣ እትዬ። ግን የተበላሸው የሌላ ልጅ ሥራ ነው" አላት።

"ልጅቷ ራሷ ፈትሺልኝ ብላ ሰጥታት ነው!"

"ረምላን ጠይቄአታለሁ። እንደዚያ አላለችኝም።"

እናቴ ውሃውን ግቢው ውስጥ ደፋችና ሳህኑን ብብቷ ውስጥ አድርጋ ወጣች። በር ላይ ስንደርስ፣ "ሂጂና ልጅቷን ለምን ብለሽ ጠይቂያት" አለችኝ። "አልጠይቃትም" አልኩ። "የዋሸችው እሷ ናት፣ ራሷ መጥታ ትናገር።" እናቴ አየችኝ፤ ይህ ግትርነት የማን እንደሆነ ታውቃለች።

ረምላ አልመጣችም። ዴስክ ቀየረች። ልጆቹ፣ "ደብተራችሁን ደብቁ፣ አስካለ መጣች!" ይሉኝ ጀመር፤ ይህም እስከ አምስተኛ ክፍል አብሮኝ አለፈ። ረምላ ሌላ ሥዕል ሠርታ ለክረምቱ ተመረጠች። ክረምቱን በሙሉ የተጠቀለለ ወረቀት በላስቲክ ሸፍና በብብቷ ይዛ በደጃችን ስታልፍ አያታለሁ። ዝናቡ እንዳያገኘው አጎንብሳ ነበር የምትሄደው።

ከዚያ በኋላ ያለው የሁሉም ሰው ሕይወት ነው። እኔ ከስድስተኛ ክፍል ወጥቼ እናቴ ቦታ ተቀመጥኩ። ረምላ ሁለት ክረምት ተምራ አቋረጠች፣ አግብታ የአባቷ ሱቅ ገባች። ሠዓሊ የሆነ ከስምንታችን አንድም የለም። እኔና እሷ ዕድሜአችንን ሙሉ ጎረቤት ነን። ሠርጌ ላይ ነበረች፤ ባሏ ሲሞት ሦስቱንም ቀን ተቀምጫለሁ። ለኢድ ትልክልኛለች፣ ለመስቀል እልክላታለሁ። ስለዚያ ቅዳሜ ግን አንዲት ቃል አንሥተን አናውቅም። እኔ እስክትናገር ነበር የምጠብቀው።

ዘንድሮ አብነት አካባቢ ባለ አንድ የወጣቶች ማዕከል ለጀማሪዎች የውሃ ቀለም ትምህርት ተከፈተ። የሚያስተምሩን በሙያው የታወቁ ሠዓሊ ናቸው፤ ወጣት ሴት ቢሆኑም እኔ አስተማሪን አንቺ አልልም። የልጅ ልጄ ሳሮን ተመዘገበች፣ ሳትነግረኝ እኔንም አስመዘገበችኝ። አሥራ አምስት እንሆናለን፤ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሾፌር አሉ፣ ሁለት የባንክ ሠራተኞች አሉ፣ ቀሪው ሕፃን ነው። ሾፌሩ ብሩሹን እንደ መሪ በሁለት እጅ ይይዛሉ። የኔም መስመር አሁን ከቀድሞው ይልቅ ጠማማ ነው።

በሦስተኛው ሳምንት አንዲት ልጅ በጩኸት ተነሣች። "ሥዕሌን አበላሸችብኝ! ቀንታ ነው!" አጠገቧ የተቀመጠችው ትንሽ ልጅ የባልንጀራዋን ሥዕል ሳይደርቅ ጠረጴዛው ላይ ደፍታዋለች። እኔ ብሩሼን አስቀመጥኩ። የሚመጣውን የማውቀው መስሎኝ ነበር።

አስተማሪዋ ከልጅቷ ፊት ቁጢጥ አሉና፣ "ለምንድን ነው የደፋሽው?" አሏት።

"ዝንብ እንዳያርፍበት።"

"ዝንብ?"

"አዎ። ቲቸር ሲወጡ ትልቅ ዝንብ መጣ።"

ሾፌሩ ከት ብለው ሳቁ፣ የጮኸችውም ልጅ እንባዋ ሳይደርቅ ሳቀች። አዲስ ወረቀት መጣላት። ነገሩ ከተነሣ እስኪያልቅ አንድ ደቂቃ አልፈጀም። እኛ ልጆች በነበርንበት ጊዜ ትልቅ ሰው ልጅን ለምን ብሎ አይጠይቅም ነበር፤ ቢጠይቅም መልሱን አይጠብቅም። ሰፈሩ ያኔ በድምፅ የተሞላ ነበር፣ የልጅ ድምፅ ግን በፍርድ ቦታ አይቆጠርም። አሁን መወርወሪያው ዝም ብሏል፣ ቆርቆሮው ፎቅ ሆኗል፣ ጥለቱም ከፋብሪካ መጥቶ ቢያጥቡት አይለቅም። ያ ሁሉ ይናፍቀኛል። ያቺ ልጅ ለምን ተብላ በመጠየቋ ግን ያሁኑ ይሻላል፤ የሚሻለውን ይሻላል ማለት ደግሞ ያባት ነው።

ወደ ቤት ስንሄድ ሌላ ነገር መጣብኝ፣ ደስም አላለኝ። ሳልጠየቅ ተፈረደብኝ እያልኩ ዕድሜዬን ሙሉ ተቆጥቻለሁ። ረምላንስ ለምን ብሎ ማን ጠየቃት? እናቴ ጠይቂያት ስትለኝ እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። እኔም ዋሽታለች፣ ልቧ ክፉ ነው ብዬ ፈርጄ ዘግቻለሁ። በኔ ላይ ሲሆን ግፍ ያልኩትን በሷ ላይ ሳደርገው ኖርኩ።

ሳሮንን ወደ ቤት ሰደድኳትና ወደ ረምላ ሱቅ ሄድኩ። ሱቁ አሁን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሽያጩን ልጆቿ ይዘውታል፣ እሷ ከጨርቅ ጥቅሎቹ መካከል ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ትውላለች። አጠገቧ ተቀመጥኩና ትንፋሼ እስኪመለስ ጠበቅኩ።

"ረምላ፣ ያን ቅዳሜ ለምን ዝም አልሽ?"

የትኛው ቅዳሜ አላለችኝም።

"ይህን ሁሉ ዘመን ቆይተሽ ዛሬ?"

"መጠየቅ የኔ ድርሻ መሆኑ የገባኝ ዛሬ ነው።"

ሻሿን አስተካከለች፣ ወደ ጨርቆቹ አየች። ገበያተኛ ገብቶ ዋጋ ጠይቆ ወጣ። ከዚያ ፊቷን ወደኔ መለሰች።

"እጅሽ ላይ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ" አለች። "አንዲት ቃል ብተነፍስ ይመልሱሽ ነበር። ከተመለስሽ ደግሞ ቦታው ያንቺ ነው፤ ጋቢሽን አይቼዋለሁ። ዝም ያልኩት ለዚያ ነው።"