ዊቤ የጠረጋት ቀይ ነጥብ

ዊቤ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የጀልባ ቦይ ላይ ያለ ድልድይ ሲያነሳና ሲያወርድ የኖረ ሰው ነው። ጀልባ ሲመጣ መንገዱን ይዘጋል፣ ድልድዩን ያነሳል፣ ጀልባው ሲያልፍ ለባለ ጀልባው እጁን ያወዛውዛል። አንድ ቀን ከተማ ያሉት አለቆች ድልድዩ ላይ ካሜራ ተከሉና፣ አርባ ኪሎ ሜትር ርቆ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው በአዝራር እንዲያነሳው አደረጉ። ዊቤን አበባ አስይዘው ሸኙት። ዓይን ያለውን ሰው አባርረው ብረት ቀጠሩ እያለ ዓመት ሙሉ ሲያማርር፣ ጎረቤቱ ኡበሌ ሰለቸው።

«እንግዲያው አንተም ካሜራ ግዛና ተበቀላቸው» አለው።

መቀለዱ ነበር። ዊቤ ግን ገዛ።

እኛ የኔዘርላንዷ ፍሪስላንድ ሰዎች ብቻችንን መማር አንወድም፤ ለሁሉም ነገር ክበብ አለን። የፎቶ ክበቡ ማክሰኞ ማክሰኞ በመንደሩ አዳራሽ ይሰበሰባል፤ ለአንድ ሰው አንድ ስኒ ቡና፣ አንድ ብስኩት፣ ሁለተኛ ያነሳ ወዮለት። የምታስተምረው ጡረታ የወጣችው የሒሳብ መምህርት ኸርብሪኽ ናት፤ ምላሷ ምላጭ ነው። ዊቤ የሌሊት ጭጋግ ማንሳት እንደሚፈልግ ሲነግራት፣ ከሁሉ የከበደውን መርጠሃል ብላ ጀመረችለት። ካሜራው በሦስት እግሩ ይቁም፣ ለሠላሳ ሰከንድ ይከፈት። በዚያ ውስጥ የሚንቀሳቀስ መብራት ጭረት ይሆናል፣ የቆመ መብራት ነጥብ ይሆናል። ካሜራው ረጅም ጊዜ ተከፍቶ ሲቆይ ይሞቃል፤ ሲሞቅ ደግሞ የሌለ ነገር ያያል፣ ቀይና ነጭ ነጥብ ይረጫል። እሱን ኮምፒውተር ላይ በብሩሽ መጥረግ ነው።

ዊቤ መጥረጉን ከማንሳቱ አብልጦ ወደደው። በማውሱ ነካ ሲያደርጋት ነጥቧ እልም ትላለች፣ ቦታዋን ጭጋግ ይሞላዋል። አንድ ክፉ ልማድ ግን ነበረው፤ የጠረገውን ፎቶ በዋናው ላይ ደርቦ ያስቀምጣል፣ ዋናውም በዚያው ይጠፋል። ዋናውን አትንካ፣ ቅጂው ላይ ሥራ ብላ ኸርብሪኽ ስንት ጊዜ ጮኸችበት። እሱ ግን አንድን ነገር ሁለት አድርጎ ማስቀመጥ ብክነት ነው ብሎ ድርቅ አለ። እናቱም ያረጀ ሻማ ሳያልቅ አዲስ አትለኩስም ነበር፤ የዘር ነው።

በኅዳር አንድ ሐሙስ ማታ እጅህን ዘርግተህ ጣትህን የማታይበት ጭጋግ ወረደ። ለዓመታዊው ኤግዚቢሽን የፎቶ ማስገቢያው የመጨረሻ ሰዓት የዚያ ሌሊት ነበርና፣ ዊቤ ካሜራውን ተሸክሞ ወደ አሮጌው ድልድዩ ሮጠ። ሦስት ፎቶ አነሳ። ሁለተኛው ተከፍቶ እሱ በልቡ እስከ ሠላሳ ሲቆጥር ውኃው አንዴ ተንቦጫረቀ። የውኃ ወፍ ናት አለ። ካሜራው እንዳይነቃነቅበት ንቅንቅ ሳይል ቆጠራውን ጨረሰ።

ቤቱ ገብቶ ሲያየው ሁለተኛው ፎቶ ልብ የሚሰርቅ ነበር። የድልድዩ መብራት ወርቃማ ሆኖ ጭጋጉ ውስጥ ቀልጧል። ከታች በቦዩ ጠርዝ ላይ ግን አንዲት ቀይ ነገር አለች። ሌሎቹ ነጥቦች ክብ ናቸው፤ ይቺ ጭራ ነበራት፣ በአንድ ምት አልጠፋለት ብላ ብሩሹን ሁለቴ ጎተተባት። እንግዳ ነገር ናት ብሎ እንኳን አስቧል። ግን የማስገቢያው ሰዓት ሊያልፍ ነበርና ጠረጋት፣ በዋናው ላይ ደረበው፣ ላከው።

ኡበሌ ሐሙስ ሐሙስ ጎረቤት መንደር ወንድሙ ቤት ካርታ ይጫወታል። ጭጋግ ከሆነ እዚያው ያድራል፤ ስለዚህ ሚስቱ ዬልትዬ አልደነገጠችም። አርብ እኩለ ቀን ላይ ወንድሙ ስልክ ደውሎ ኡበሌ ሐሙስ ማታውኑ ሲወጣ ጓንቱን እንደረሳ ሲነግራት ነው ክው ያለችው። ብስክሌቱን ይዞ ከመንደሩ ወዲያ ባለው ሐይቅ ዳር ሲሄድ አየሁት የሚል ሰው ተገኘ። መንደሩ በሙሉ ወደ ሐይቁ ወጣ፣ ዊቤም ወጣ። ሁለት ቀን ተፈለገ፣ ምንም የለም።

ቅዳሜ ማታ ፈላጊዎቹ አዳራሹ ውስጥ የአተር ሾርባ ይዘው ተቀመጡ። ኸርብሪኽ የኤግዚቢሽኑን ፎቶዎች አርብ ማለዳ፣ ወሬው ሳይሰማ ሰቅላቸው ነበር፤ የሚያወርዳቸው ጠፋ። ዬልትዬ የተቀመጠችው ልክ ከዊቤ ፎቶ ሥር ነው። ለፍለጋው የመጣው ፖሊስ ስለ ብስክሌቱ ጠየቃት።

«የኋላ መብራቱ አዲስ ነው» አለች። «ባለፈው ሳምንት እኔ ነኝ የገዛሁለት። ቀይ ናት፣ ትንሽዬ፣ ከሩቅ የምትታይ። ጭጋግ ስለምፈራ ነው የገዛሁለት።»

የዊቤ ማንኪያ እጁ ላይ ቀረ። ቀና ብሎ ፎቶውን አየው። ውብ ነበር፣ ጽድት ያለ ጭጋግ።

ቤቱ በሩጫ ገባ። ዋናው ፎቶ የለም፣ ራሱ ደርቦበት አጥፍቶታል። ያልወደዳቸው ሁለቱ ግን ኮምፒውተሩ የቆሻሻ መጣያ ውስጥ ነበሩ። አንደኛው ላይ ቀይ ነገር የለም። ሦስተኛው ላይ በዚያው ቦታ፣ ዝቅ ብላ፣ ከውኃው በታች የምትመስል ደብዛዛ ክብ ነጥብ ነበረች። ዊቤ ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ እንደ ልጅ አለቀሰ። ዝም ማለት ይችል ነበር፤ ማንም አያውቅም። ኡበሌን ግን ቦዩ ውስጥ ትቶት መተኛት አልቻለም። ኮምፒውተሩን አቅፎ ወደ አዳራሹ ተመለሰና ለፖሊሱም ለኸርብሪኽም አሳያቸው። ሌሊቱን በፋኖስ ሄደው ኡበሌን አወጡት። ዊቤ ካሜራውን ካቆመበት ስልሳ እርምጃ አይሞላም።

ከቀብሩ በኋላ ዬልትዬ በሩን አንኳኳች። አልገባም ብላ ደጃፉ ላይ ቆመች።

«ኸርብሪኽን ጠየቅኳት» አለችው። «የሚንቀሳቀስ መብራት ጭረት ይሆናል፣ የቆመ ነጥብ ይሆናል አለችኝ። ያቺ የጠረግካት የትኛዋ ነበረች? አንተ ብቻ ነህ ያየሃት።»

ዊቤ ያቺ ጭራ፣ ሁለቴ የጎተተው ብሩሽ ትዝ አለው። ጭረት ናት ካላት፣ ባልሽ እኔ ስቆጥር ሲታገል ነበር ማለቱ ነው።

«ነጥብ ነበረች» አላት። «ክብ ነጥብ።»

ዬልትዬ ዓይኗን ጨፍና ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። አልተሰቃየም ማለት ነው አለች። ከዚያ ሁለቱንም እጆቹን ይዛ አመሰገነችው።